ደጃፍና መብራት

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሠርቶ ገባ። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ መግቢያው ግን ምድሩንና ፎቁን አንድ አድርጎ እስከ ላይ የተከፈተ ስለሆነ ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ ስድስት ሜትር ያህል ይሆናል። በሩን ከፍቶ የገባ ሰው ሁሉ ሳያስበው ቀና ብሎ ወደ ላይ ያያል። በጅብሰም ኮርኒሱ ውስጥ ስምንት ክብ መብራቶች ተቀብረዋል፤ የመብራት ሻጮች “ስፖት ላይት” የሚሏቸው ዓይነት ናቸው። አምፖላቸው አይንጠለጠልም፣ ሽቦአቸው አይታይም። የሚታየው ኮርኒሱ ላይ የተከፈተ ነጭ ቀዳዳ ብቻ ነው። ወንድሜ ቤቱን ሊያይ ለመጣ ሁሉ ማብሪያውን እየተጫነ በኩራት ያሳይ ነበር።

ቤቱ በተመረቀበት ዕለት እናታችንን ይዣት የመጣሁት እኔ ነበርኩ። መሽቷል። ወንድሜ ከውስጥ ወጥቶ ከመብራቶቹ ሥር ቆመና እጁን ዘረጋላት። እናቴ “ቤት ለእንቦሳ” ብላ ደፉን ተሻገረች፤ እሱም “እንቦሳ እሰሩ” አለ። ከዚያ ግን እናቴ ቆም አለችና ዓይኗን አጥብባ፣ “ማነህ አንተ? ፊትህ እኮ አይታየኝም” አለችው። ሁላችንም ሳቅን፤ እርጅና ነው ብለን አለፍነው። ኋላ ግን እኔም ከበሩ ላይ ቆሜ ወንድሜን ሳየው እናቴ እውነቷን እንደነበር ገባኝ። ብርሃኑ ከአናቱ ወርዶ ግንባሩንና የአፍንጫውን ጫፍ ነጭ አድርጎታል፤ ዓይኖቹ ግን ከቅንድቡ ጥላ ሥር ሁለት ጉድጓድ ሆነዋል። ስምንት መብራት በርቶ ልጅ ለእናቱ አልታየም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያች ምሽት የተነሣ ነው። መብራቱን ሰውሮ ብርሃኑን ብቻ ማሳየት የማን አሳብ ነበር? ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ ነው ከወንድሜ ኮርኒስ የደረሰው? በመንገዱስ ላይ ምን ጠፋበት? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መብራት ለብዙ ሺህ ዘመን በእጅ የሚያዝ ወይም በአጠገብ የሚቀመጥ ነገር ነበር። የአገራችን ጎጆ ኮርኒስ የለውም፤ ከምሰሶው በላይ ያለው ከፍታ ጥቀርሻ የለበሰ ጨለማ ነው። ብርሃኑ ያለው ከታች፣ ከምድጃው ዘንድ ነው። በእሳት ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ጀርባው ይጨልማል፤ ፊቱ ግን ይበራል። እንግዳ ከደጅ ድምፁን ሲያሰማ ከቤተ ሰቡ አንዱ ጧፍ ወይም ኩራዝ ይዞ ይወጣና ወደ መጣው ሰው ፊት ከፍ ያደርጋል። የኩራዝ ብርሃን ትንሽ ነው፤ ጣሪያውን ሊያሳይ ቀርቶ ግድግዳውንም በወጉ አያሳይም። የሚያሳየው ፊት ነው፤ የያዘውን ሰው ፊትና የመጣውን ሰው ፊት። ፋኖስና ማሾ ሲመጡም ብርሃኑ በረታ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። የደጃፍ መብራት ሥራው “ማነው?” ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ጥቂት ሳንቲም ተቀብለው በጨለማው ጎዳና ችቦ ይዘው መንገደኛውን እስከ ቤቱ የሚሸኙ ልጆች ነበሩ። ከባለጸጎች ደጃፍ ላይ እንደ ቀንድ ወይም እንደ ቆብ የተሠራ ብረት ይተከል ነበር፤ የችቦው ጫፍ እዚያ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል። እነዚህ ብረቶች በርክሌይ አደባባይን በመሰሉ የከተማዪቱ ሥፍራዎች ከአሮጌ ቤቶች ደጃፍ ላይ ዛሬም ይታያሉ። በዚያው ዘመን የነበሩ ግንበኞች ጠባቡና ጨለማው መግቢያ ቀን ላይ ብርሃን እንዲያገኝ ከበሩ በላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ግማሽ ክብ መስኮት ያወጡ ነበር። ቀን የሰማዩ ብርሃን በዚያች መስኮት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ማታ ደግሞ የውስጡ መብራት በዚያችው መስኮት ወደ ውጭ ወጥቶ ለደራሹ እንግዳ ሰው መኖሩን ይነግራል።

ብርሃንን ከከፍታ ማውረድም የቆየ ጥበብ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ዘመን ሮም ላይ የተጠናቀቀው ፓንቴዎን ከወለሉ እስከ ጉልላቱ 43 ሜትር ይሆናል። ከአናቱ ላይ ከ8 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ አለው። ከዋናው በር ሌላ ብርሃን የሚገባበት ይህ ብቻ ነው። ነገር ግን የፓንቴዎን ቀዳዳ የሚሸሽገው ነገር የለም። የገባ ሰው ቀና ሲል ሰማዩን ያያል፤ ብርሃኑ ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም።

የብርሃኑን ምንጭ ሆን ብሎ መሰወር በቅርብ ዘመን የመጣ ረቂቅ ነገር ነው። ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ ያለው በዚያችው በሮም፣ በሳንታ ማሪያ ዴላ ቪቶሪያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ጃን ሎሬንዞ ቤርኒኒ እ.ኤ.አ. ከ1647 እስከ 1652 ባለው ጊዜ በሠራው የኮርናሮ ጸሎት ቤት ውስጥ ቅድስት ተሬዛና መልአኩ በእብነ በረድ ተቀርጸዋል። ከበላያቸው በወርቅ የተለበጡ የነሐስ ጨረሮች ይወርዳሉ፤ ከጨረሮቹ በላይ ደግሞ ተመልካቹ ከቆመበት ሊያየው የማይችል መስኮት አለ። ሰው ብርሃኑን ያያል፤ መስኮቱን ግን አያይም። ስለዚህ ብርሃኑ ከፀሐይ ሳይሆን ከሌላ ዓለም የመጣ ይመስለዋል። ቤርኒኒ የቲያትርም ሰው ነበርና የተሰወረ ብርሃን በሰው ልብ ላይ ምን እንደሚሠራ አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ይህን ጥበብ ከቤተ ጸሎት አውጥተው ወደ መኖሪያ ቤት ካስገቡት አንዱ እንግሊዛዊው አርክቴክት ሰር ጆን ሶን ነው። ዛሬ ሙዚየም በሆነው የለንደን ቤቱ ውስጥ በ1812 ያሠራት የቁርስ ክፍል ትንሽ ናት፤ ከበላይዋ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ቀለል ያለ ጉልላት አለ። ጉልላቱ ግን ከግድግዳው ጋር አይገጥምም፤ በሁለቱ ጎኖቹ ክፍተት ትቶ ያቆማል። ከክፍተቱ በላይ፣ ከሰው ዓይን ውጭ፣ የጣሪያ መስኮቶች አሉ። ብርሃኑ ከእነርሱ ወርዶ የሚያርፈው በሰው አናት ላይ ሳይሆን በግድግዳው ላይ ነው። ከግድግዳው ተመልሶ ነው ወደ ክፍሉ የሚገባው። አንባቢ ይህችን ነገር ልብ ይበላት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዎች የነዳጅ ጋዝ መብራት ወደ ቤታቸው ሲያስገቡ ብርሃኑ ወደ ክፍሉ መካከል ወጣ። ጋዙ በቱቦ ስለሚመጣ መብራቱ እንደ ኩራዝ ወደ በሩ ይዘውት የሚሄዱት ነገር አልሆነም፤ ከኮርኒሱ ተንጠልጥሎ በአንድ ቦታ ቀረ። ጥቀርሻውም ኮርኒሱን ያጠቁረው ነበር። ከዚያ ዘመን ጀምሮ መብራት የሰው ጓደኛ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ አካል ወደ መሆን አዘነበለ።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ ግን መጀመሪያ ማንም ሊሸሽገው አልፈለገም። በሰሜን እንግሊዝ ክራግሳይድ በተባለው ቤት ባለጸጋው የፈጠራ ሰው ዊሊያም አርምስትሮንግ በ1878 ከወንዝ ውኃ በመነጨ ኃይል አንድ ትልቅ መብራት አበራ። በ1880 ደግሞ የጆሴፍ ስዋንን አምፖሎች በቤቱ ውስጥ አስገባ። በዋናው ደረጃ መደገፊያ ዓምዶች ላይ የተቀመጡት የእንጨት አንበሶች መብራት ተሸክመዋል። ማለትም አዲሱ ኤሌክትሪክ የገባው በአሮጌው ወግ ነው፤ ሰው በሚደርስበት ከፍታ፣ እንግዳ በሚያልፍበት መንገድ፣ አንድ ተሸካሚ ይዞት ቆሞ። አሜሪካ ውስጥም ቶማስ ኤዲሰን በ1879 ለረጅም ሰዓት የሚበራ አምፖሉን ካሳየ በኋላ አምፖል በግልጽ መታየቱ የቤቱ ባለቤት ክብር ነበር።

በአገራችንም እንዲሁ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኤሌክትሪክ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲበራ አዲስነቱ የነገሥታት ድንቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ከተማው ሕዝብ ቤት ሲደርስ የመጣው ከክፍሉ መካከል በሽቦ በተንጠለጠለች አንዲት አምፖል ነው። ቋንቋችንም ያንን ዘመን በውስጡ ይዞ ቀርቷል። እኛ “መብራት መጣ፣ መብራት ጠፋ” የምንለው ስለ ኤሌክትሪኩ ኃይል ነው። ምጣዱም ሬዲዮኑም በዚያው ኃይል ይሠራሉ፤ ስሙን ያወጣችለት ግን ያቺ አንዲት አምፖል ናት።

አምፖሉ እየበረታ ሲሄድ ነገሩ ተለወጠ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የከሰሉ ክር በተንግስተን ተተካ፤ በ1913 ኧርቪንግ ላንግሙየር አምፖሉን በጋዝ በመሙላት ይበልጥ እንዲበራ አደረገው። አሁን እርቃኑን የተንጠለጠለ አምፖል ዓይን ይወጋል። የሚወደደው ነገር የሚያስቸግር ሆነ። መጀመሪያ በጨርቅና በብርጭቆ ሸፈኑት፤ ቀጥሎ አንገቱን ወደ ላይ አዙረው ኮርኒሱን አበሩበት፤ በመጨረሻም ኮርኒሱን ቀድደው በውስጡ ቀበሩት።

ይህን ቀዳዳ ወደ ጥበብ ያደረሰው ሰው ሪቻርድ ኬሊ ይባላል። በ1910 ኦሃዮ ውስጥ ተወልዶ፣ በ1930ዎቹ ኒው ዮርክ ላይ የመብራት ሥራ ጀመረ። ቆይቶም በዬል ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ጥበብ ተምሯል። በ1952 ባሳተመው ጽሑፍ ብርሃን በሦስት መልክ ወደ ሰው እንደሚመጣ አስረዳ። የመጀመሪያው ዓይንን ወደ አንድ ሥፍራ የሚጠራ ብርሃን ነው፤ ለዚህ ከሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ በሜዳ ላይ የነደደ እሳት ነው። ሁለተኛው ጥላ የሌለው፣ በዙሪያ የተዘረጋ ብርሃን ነው፤ በረዶ በለበሰ ሜዳ ላይ እንደሚነጋ ማለዳ ያለ። ሦስተኛው ለዓይን ጨዋታ የሚሆን ብልጭታ ነው፤ ፀሐይ ያረፈበት ፏፏቴ ወይም የክሪስታል ተንጠልጣይ መብራት እንደሚያደርገው። ኬሊ የሚለው፣ የሰው ቤት ሦስቱንም በመጠን ይፈልጋል ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የያዘ ክፍል ወይ ያስፈራል፣ ወይ ያደነዝዛል፣ ወይ ያታክታል።

የኬሊን እጅ ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ሥፍራ ደግሞ መግቢያ ነው፤ ያውም ከፍ ያለ ኮርኒስ ያለው መግቢያ። በ1958 ኒው ዮርክ ፓርክ አቬኑ ላይ ሚስ ቫን ደር ሮህና ፊሊፕ ጆንሰን የነደፉት የሲግራም ሕንፃ ተጠናቀቀ። ሠላሳ ስምንት ፎቅ አለው፤ ጥቁር ነሐስና ጥቁር መስተዋት የለበሰ ነው። ከምድሩ ያለው አዳራሽ ግን በመስተዋት የተከበበ ሲሆን ቁመቱ ሰባት ሜትር ይሆናል። አሳንሰሮቹን የያዙት ግድግዳዎች ትራቨርቲን በተባለ ፈዛዛ ድንጋይ ተለብጠዋል። ኬሊ መብራቶቹን ከኮርኒሱ ውስጥ ቀበረ፤ ፊታቸውን ግን ወደ ወለሉ አላደረገም። ከግድግዳዎቹ አጠገብ ደርድሮ ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች በብርሃን አጠበው። ማታ ከመንገዱ ማዶ የቆመ ሰው አንድም አምፖል አያይም። የሚያየው የበራ ግድግዳ ነው፤ ከበላዩ ያለው ያ ሁሉ ጥቁር ሕንፃም በብርሃን ላይ የቆመ ይመስላል። በዚያ አዳራሽ የሚያልፍ ሰው ፊት ደግሞ በጎን ከሚመጣው የግድግዳው ብርሃን የተነሣ ይታያል።

ኬሊ ይህን ብቻውን አልሠራም። ኤዲሰን ፕራይስ የተባለ የኒው ዮርክ መብራት ሠሪ ከእርሱና ከሌሎች ነዳፊዎች ጋር እየሠራ የመብራቱን ውስጥ እንደ ቀፎ አሳምሮ ቀረጸው፤ በርቶ ሳለም ከጎን ሲያዩት የጠፋ የሚመስል መብራት አወጣ። ከዚያ ወዲያ በኮርኒስ የተቀበረ መብራት ከትላልቅ ሕንፃዎች ወጥቶ ወደ ሱቅና ወደ መኖሪያ ቤት ወረደ። ዛሬ ደግሞ ኤልኢዲ ስላለ ቀድሞ አምፖሉ ያመነጭ የነበረው ኃይለኛ ሙቀት ቀንሷል፣ ዋጋውም ረክሷል። ኮርኒስ መብሳት ለማንም ቀላል ሆነ።

የጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ወደ እኛ ዘንድ መጣ፤ ግድግዳው ግን በመንገድ ቀረ። ሶን በ1812፣ ኬሊም በ1958 መብራቱን የሰወሩት ብርሃኑን በግድግዳ ላይ አሳርፈው ወደ ሰው ሊመልሱት ነበር። እኛ ግን መብራቱን ሰውረን ብርሃኑን በቀጥታ በሰው አናት ላይ አፈሰስነው።

ከፍታው ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። ከአንዲት መብራት የሚወርድ ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ ይደክማል። ሦስት ሜትር ላይ የነበረው ስድስት ሜትር ላይ ሲደርስ ግማሽ ሳይሆን ሩብ ይሆናል። ባለቤቱ ጨለመብኝ ሲል ሻጩ ቁጥር ይጨምርለታል፤ ወንድሜም ስምንት የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ቁጥሩ ቢጨምር ወለሉ ይነጣ ይሆናል እንጂ ከቅንድብ ሥር ያለው ጥላ አይነሣም። ከመብራቱ ኃይል በፊት የጨረሩን ስፋት መጠየቅ ይገባል። 60 ዲግሪ የሚከፈት ጨረር ከስድስት ሜትር ወርዶ ወለሉ ላይ ወደ ሰባት ሜትር የሚጠጋ ክብ ይሆናል፤ ማለትም ሳስቶ ይበተናል። 36 ዲግሪ የሆነው አራት ሜትር ገደማ፣ 15 ዲግሪ የሆነው ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሸፍናል።

የብርሃኑ ቀለምም አለ። የሻማ ነበልባል 2000 ኬልቪን አይሞላም፤ የቀድሞው አምፖል 2700 ገደማ ነበር። የወንድሜ መብራቶች 6500 ነበሩ። ያ የደመና ቀን ብርሃን ነው፤ ለወርክሾፕ ይመች ይሆናል፤ በማታ የሰው ፊት ላይ ሲያርፍ ግን በሽተኛ ያስመስላል።

ከምረቃው በኋላ ወንድሜና እኔ ከኤሌክትሪክ ባለሙያው ጋር ተቀምጠን ነገሩን እንደ ገና አየነው። ከስምንቱ ስድስቱን ዘጋናቸው። የቀሩት ሁለቱ ጠባብ ጨረር ተሰጥቷቸው የደረጃውን መነሻ ብቻ እንዲያሳዩ ሆኑ፤ እናታችን እዚያ ላይ እግሯ እንዳይስት። በረጅሙ ግድግዳ ጥግ፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው የሚያዘነብሉ አራት መብራቶች ተቀበሩ። ከበሩ ግራና ቀኝ፣ ከሰው ቁመት ብዙም ሳይበልጥ፣ ሁለት የግድግዳ መብራት ተሰቀለ። ቀለሙ ሁሉ 2700 ሆነ። ባለሙያው በየጊዜው ስድስት ሜትር ድረስ መሰላል ማቆም እንደማይቻል አስቦ፣ የሚበላሸው ዕቃ በዚያችው ቀዳዳ ተስቦ የሚወጣ ዓይነት እንዲገዛ መከረን። ከሁለቱ የግድግዳ መብራቶችም አንዱ ባትሪ ኖሮት መብራት ሲጠፋ እንዲበራ አደረገ።

ወንድሜ ሥራው ሲያልቅ ቅር ሳይለው አልቀረም። ኮርኒሱ እንደ በፊቱ አያበራም፤ ቀና ብለው የሚያደንቁም ሰዎች ቀነሱ። እኔም ገንዘቡን ያስወጣሁት ለከንቱ ይሆንን እያልኩ ሠግቼ ነበር።

በፋሲካ ዋዜማ እናታችን ዳግመኛ መጣች። በሩን የከፈተላት ወንድሜ ነው። ደፉን ተሻገረች፤ ስለ መብራቱ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ወንድሜን በሁለት እጆቿ ጉንጮቹን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። “ከስተሃል” አለችው። “ምን ሆነህ ነው?”

እኔ በየሳምንቱ እየመጣሁ ልብ አላልኩትም ነበር። ወንድሜ “ምንም አልሆንኩም፣ እማዬ፣ ጾሙ ነው” ብሎ ሊያልፍ ፈለገ፤ እሷ ግን አልለቀቀችውም። እዚያው ከደጃፉ ሳይርቅ ስለ ቤቱ ዕዳና እንቅልፍ ስላጣባቸው ወራት የነገራት በዚያች ማታ ነው።